አፉን ያልፈታ ሕፃን፦ የሚጠበቅበትና የሚጠየቅበት ጊዜ

አገራችን የሕፃንን ዕድሜ በጥንቃቄ መቍጠር የምታውቅ አገር ናት። ወንዱ በ40፣ ሴቲቱ በ80 ቀን ለክርስትና ይቀርባሉ፤ ቀኑ ሳይደርስ የክርስትና አባቱና እናቱ ይታሰባሉ፣ ጠላው ይጠመቃል፣ ዘመድ ይጠራል። ጥርስ ማብቀሉ፣ ዳዴ ማለቱ፣ ጡት መጣሉ ሁሉ በእናቱ ልብ ተጽፎ ይቀመጣል። አፉን የሚፈታበት ወራት ሲደርስ ግን ይህ ሁሉ ቍጥር ይተውና፣ ሁለተኛ ዓመቱን ጨርሶ ገና «እማ» ያላለውን ልጅ አያቱም ጎረቤቱም «ወንድ ልጅ ይዘገያል፤ አባቱም እንዲሁ ነበረ፤ እግዜር በፈቀደ ቀን ይፈታዋል» እያሉ ያልፉታል።

ይህ ማጽናኛ ፈጽሞ ሐሰት ቢሆን ኖሮ ማረሙ ቀላል በሆነ ነበር። ነገር ግን ዘግይተው ከሚናገሩት ሕፃናት የሚበዙት ዓመት ሁለት ዓመት ቈይተው ከእኩዮቻቸው ስለሚደርሱ፣ ማጽናኛው በብዙ ቤት እውነት ሆኖ ይገኛል፤ ባልደረሱት ልጆች ቤት ደግሞ የጠፋው ጊዜ ምስክር ሆኖ የሚቆም አንደበት የለውም። ስለዚህ በዚህ ዳሰሳ የምንመረምረው ነገር፣ ከሕፃናት ዝምታ የትኛው በትዕግሥት የሚጠበቅ፣ የትኛው ደግሞ ሳይውል ሳያድር የሚጠየቅ ነው የሚለው ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ስሙን መለየት ይገባል። የቤተ ክርስቲያናችን መምህራን ስለ ነፍስ ሲያስተምሩ ለባዊት፣ ነባቢት፣ ሕያዊት ናት ይላሉ፤ ማሰቧን ከልብ፣ መናገሯን ከቃል፣ ሕያውነቷን ከእስትንፋስ ጋር አስተባብረው ያስረዳሉ፤ ቃልም ከልብ የሚወለድ ነው ብለው ልብን ያስቀድማሉ። ይህ ትምህርት ስለ ሌላ ምሥጢር የተነገረ ቢሆንም፣ ሥርዓቱ ሕፃንን ለሚመረምር ሰው መልካም መንገድ ያሳያል። የልሳን ባለሞያዎች ሦስት ነገሮችን ለየብቻ ይመለከታሉና፤ አንደኛው ልጁ የሰማውን መረዳቱ፣ ሁለተኛው የተረዳውን በቃል መግለጡ፣ ሦስተኛው ቃሉን በትክክለኛ ድምፅ ማውጣቱ ነው። «ሩጫ» ለማለት «ዩጫ» የሚለው፣ «ቀ»ንና «ጠ»ን እያለሰለሰ የሚናገረው የሁለት ዓመት ልጅ ኮልታፋ ነው እንጂ ዘገምተኛ አይደለም፤ እነዚህ ድምፆች ዘግይተው ይመጣሉና። ቃል ሳይኖረው ሁሉን የሚረዳው ልጅ አንድ ነገር ነው፤ ቃልም መረዳትም የጎደለው ሌላ ነገር ነው። ሦስቱን አንድ አድርጎ «አልተናገረም» ብሎ መደምደም ግን ራስ ምታትንም ወባንም በአንድ ስም እንደ መጥራት ነው።

የንግግር እድገት መንገድ በብዙ አገሮች ሕፃናት ዘንድ ተቀራራቢ ነው። ሕፃኑ በሁለተኛውና በሦስተኛው ወር ከለቅሶ የተለየ ለስላሳ ድምፅ ያወጣል፤ ከመንፈቅ በኋላ «ባባባ»፣ «ማማማ» እያለ ፊደል ይደጋግማል፤ በ9ኛው ወር ግድም ስሙ ሲጠራ ዞር ይላል። ዓመት ሲሞላው «እንካ»፣ «ተው» ሲባል ይገባዋል፤ እጁን አንሥቶ ይሰናበታል፤ ብዙም ሳይቈይ የሚፈልገውን ነገር በጣቱ ያመለክታል፤ የመጀመሪያውም ቃል በዚህ ዘመን ይወለዳል። በዓመት ከመንፈቅ ከ«እማ»ና ከ«አባ» ሌላ ቢያንስ ሦስት ቃላት ለመናገር ይሞክራል፤ በሁለት ዓመት «እማ ነይ»፣ «ውሃ የለም» እያለ ሁለት ቃል ያጋጥማል፤ በሦስት ዓመት ንግግሩ ከቤቱ ውጭ ላለ እንግዳ ሰው እንኳ አብዛኛውን ጊዜ ይገባል።

ይሁን እንጂ በወሰኑ ላይ ሊቃውንቱ አይስማሙም። የአሜሪካ የበሽታ መቈጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል ከአገሪቱ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ጋር ሆኖ በ2022 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ናቸው) ዝርዝሩን ሲያሻሽል፣ ከቀድሞው ልማድ ተለይቶ እያንዳንዱን ምልክት ከመቶ 75 ያህሉ ሕፃናት በሚደርሱበት ዕድሜ ላይ አስቀመጠው። ቀድሞ እኩሌታው የሚደርሱበት ዕድሜ ይወሰድ ስለ ነበረ፣ ምልክት ያልታየበት ልጅ ወላጅ «ገና ነው፣ እንጠብቅ» እየተባለ ይመለስ ነበር፤ አዲሱ አሠራር ይህን ምክንያት ለማስወገድ ታስቦ የተደረገ ነው። ነገር ግን በዚሁ ለውጥ 50 ቃላት የማወቂያው ዕድሜ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ላይ ስለ ተቀመጠ፣ የአገሪቱ የንግግር ባለሞያዎች ማኅበር ሳንማከር የተደረገ ነው ብሎ ነቀፈው፤ በ2023ም የራሱን ዝርዝር አወጣ። ከዚህ ክርክር አንባቢ የሚማረው፣ የቃላት ቍጥር የማስጠንቀቂያ ደወል እንጂ ፍርድ እንዳልሆነ ነው።

ፍርድ ለመስጠት ዘግይተው የተናገሩትን ልጆች ለብዙ ዓመታት መከተል ያስፈልጋል። በዚህ ሥራ ስሟ የሚነሣው ሌስሊ ሬስኮርላ፣ በሁለት ዓመቱ 50 ቃላት ያልሞላውን ወይም ሁለት ቃል ማጋጠም ያልጀመረውን ልጅ የሚለይ የወላጆች መጠይቅ በ1989 እ.ኤ.አ. አውጥታ፣ መስማታቸውና መረዳታቸው ደኅና የሆኑ ዘገምተኛ ተናጋሪዎችን እስከ 17 ዓመታቸው ተከተለቻቸው። አብዛኞቹ ከእኩዮቻቸው ደረጃ ደረሱ፤ ነገር ግን በጉርምስናቸው ሳይቀር በቃላት ሀብት፣ በሰዋስውና የሰሙትን በማስታወስ ከሌሎቹ ጥቂት ዝቅ ብለው ተገኙ። በምዕራብ አውስትራሊያ በ1,766 የሁለት ዓመት ሕፃናት ላይ ተደርጎ በ2007 የታተመው ጥናት ደግሞ ከመቶ 13 ያህሉ እንደዘገዩ፣ ወንዶቹ ከሴቶቹ ወደ ሦስት እጥፍ በሚጠጋ መጠን ለመዘግየት እንደሚቀርቡ፣ በቤተ ሰቡ ዘግይቶ የተናገረ ሰው ያለበትም ልጅ እንደዚሁ እንደሚጋለጥ አሳየ። የእናት ትምህርትና የቤተ ሰቡ ገቢ ግን በዚያ ዕድሜ ልዩነት አላመጡም፤ በመሆኑም ልጇ ስለ ዘገየ ራሷን የምትከስ እናት ክሱን ልታነሣ ይገባል።

እንግዲህ «ወንድ ልጅ ይዘገያል፣ አባቱም እንዲሁ ነበረ» የሚለው የአያቶች ቃል ግማሹ በምርምር ጸና ማለት ነው። ያልጸናው ግማሽ ከዚህ የሚወሰደው ውሳኔ ነው፤ ወንድ መሆኑም የአባቱ መዘግየትም የሥጋቱን ዕድል የሚጨምሩ ምክንያቶች ሆነው ሳለ፣ እኛ ግን ሥጋትን ለማራቅ እንጠቅሳቸዋለን። አልበርት አይንስታይንን ምሳሌ የሚያደርጉትም በዚሁ መንገድ ይስታሉ፤ ያ ጠቢብ በእርጅናው ስለ ሕፃንነቱ ሲጽፍ ዘግይቶ መናገሩን ብቻ አልተናገረም፣ ወላጆቹ ተጨንቀው ሐኪም ማማከራቸውንም አብሮ ጽፏል። ምሳሌው ከተወሰደ እስከ መጨረሻው መወሰድ አለበት።

ታዲያ የሚደርሰውን ከማይደርሰው የሚለየው ምንድን ነው? በእርግጠኝነት የሚተነብይ የለም፤ ነገር ግን ሦስት ምልክቶች ሚዛኑን ያዘነብሉታል። የታዘዘውን የሚረዳ፣ ለምሳሌ ማንም በእጁ ሳያመለክት «ጫማህን አምጣ» ሲባል ሄዶ የሚያመጣ፤ ቃል ባጣበት በእጁ፣ በራሱና በፊቱ የሚናገር፤ በጨዋታው አሻንጉሊቷን የሚያበላ፣ ዱላውን ፈረስ የሚያደርግ ልጅ ለተስፋ ይቀርባል። እነዚህ የጎደሉት ልጅ ግን ቃላቱ ተቈጥረው እስኪያልቁ መጠበቅ የለበትም። ከሁሉ በላይ የሚያስፈራው ቀድሞ የነበረው ቃል ወይም ምልክት መጥፋቱ ነው፤ ሲናገር ቈይቶ ዝም ያለ፣ ሲያመለክት ቈይቶ የተወ ልጅ በማናቸውም ዕድሜ ቢሆን በዚያው ሰሞን ለሐኪም ይታያል።

ወደ ምርመራው ስንመጣ፣ መጀመሪያ የሚታየው ጆሮ ነው። ሄሮዶቱስ በታሪኩ ሁለተኛ መጽሐፍ እንደ ተረከው፣ የግብፁ ንጉሥ ፕሳሜቲኮስ የሰው ልጅ የመጀመሪያ ቋንቋ ምን እንደ ሆነ ለማወቅ ሁለት ሕፃናትን ቃል ሳይሰሙ እንዲያድጉ ለእረኛ ሰጠ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ «ቤኮስ» ቢሉ፣ ንጉሡ ቃሉ በፍርግያ ቋንቋ እንጀራ ማለት እንደ ሆነ አስጠይቆ አወቀ። በኋላ ዘመን የተነሡ ተቺዎች ግን ልጆቹ ያሰሙት ከእነርሱ ጋር የነበሩትን የፍየሎች ጩኸት ሳይሆን አይቀርም ብለው ጠረጠሩ። እንግዲህ ምላስ የሚመልሰው ጆሮ ያስቀመጠውን ነው። በማርቆስ ወንጌል 7ኛው ምዕራፍ ስለ ተፈወሰው ደንቈሮና ኮልታፋ ሰው የተተረከውንም ያስተዋለ አንባቢ፣ የጌታ ጣቶች መጀመሪያ ወደ ጆሮዎቹ እንደ ገቡ፣ ምላሱ የተዳሰሰው ከዚያ በኋላ እንደ ሆነ፣ ሲፈወስም ጆሮው ተከፍቶ ምላሱ እንደ ተፈታ ያስታውሳል። እኛ ግን ልጅ በዘገየ ጊዜ ዓይናችን በቀጥታ ወደ ምላሱ ይሄዳል።

«ልጄስ ይሰማል፤ በሩ ሲንኳኳ ይዞራል» የሚለው መልስ አያጠግብም። የመስማት ጕድለት ሁሉ ፈጽሞ አለመስማት አይደለም፤ ጕድለቱ በቀጫጭን ድምፆች ላይ ብቻ የሆነ ልጅ የበሩን ኳኳታና የአባቱን ወፍራም ድምፅ እየሰማ፣ «ሰ»፣ «ሸ» እና «ፈ» ግን ያመልጡታል፤ ለእርሱ ንግግር ቀዳዳው እንደ በዛ ጨርቅ ነው። በጉንፋን ምክንያት በጆሮው ውስጥ ፈሳሽ የሚጠራቀምበት ወይም ጆሮው እየመገለ የሚከርም ልጅ አንዱን ወር ይሰማል፣ ሌላውን ወር አይሰማም። ማጅራት ገትር የያዘው፣ ያለ ወሩ የተወለደ፣ ከተወለደ በኋላ ብርቱ ቢጫነት የታየበት፣ እንደ ጄንታማይሲን ያለ የጆሮን ነርቭ ሊጐዳ የሚችል መድኃኒት የተወጋ ልጅ፣ ንግግሩ ባይዘገይም እንኳ መስማቱ በመሣሪያ መለካት ይገባዋል። ምርመራው ሕፃኑ ተኝቶ ሳለ ሊደረግ የሚችል ሥቃይ የሌለበት ሥራ ነው። በአሜሪካ የሚመከረው ሥርዓት እያንዳንዱ አራስ በአንድ ወሩ እንዲመረመር፣ ጕድለቱ በሦስት ወሩ እንዲረጋገጥ፣ እርዳታው በስድስት ወሩ እንዲጀመር ነው፤ በኮሎራዶ በ1998 የወጣው የዮሺናጋ ኢታኖና የባልደረቦቿ ጥናትም ጕድለታቸው ከስድስት ወር በፊት የታወቀላቸው ሕፃናት ከዚያ በኋላ ከታወቀላቸው የተሻለ ቋንቋ እንደ ነበራቸው አስረድቷል። አራስ ሁሉ በማይመረመርበት አገር ይህ ሸክም በወላጅ ዓይንና በጤና ባለሞያ ጥያቄ ላይ ይወድቃል።

ጆሮው ደኅና ሆኖ ሳለ ስሙ ሲጠራ የማይዞር፣ የወደደውን ነገር ሌላ ሰው እንዲያይለት በጣቱ የማያሳይ፣ ፊት ለፊት ማየትን የሚሸሽ፣ አንድን ነገር እያሽከረከረ የሚውል ልጅ ደግሞ ስለ ኦቲዝም ይጠየቃል። ከ16 እስከ 30 ወር ላሉ ሕፃናት የተዘጋጀ 20 ጥያቄ ያለው መጠይቅ በብዙ አገር ይሠራበታል፤ የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞችም በ18ና በ24 ወር ልጅ ሁሉ እንዲጠየቅ ያዝዛሉ። በአገራችን ይህ ስም በአደባባይ እንዲነገር ከሁሉ ይልቅ የደከመችው ዘሚ የኑስ ናት፤ በራሷ ልጅ ምክንያት ተነሥታ በ2002 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን አቋቋመች፤ በዚያ ዘመን እንዲህ ያሉ ልጆች እንደ እርግማን ተቈጥረው በጓዳ ይደበቁ ነበር። የዓለም የጤና ድርጅት ለወላጆች ያዘጋጀው ሥልጠናም በአገራችን ተሞክሯል። እርዳታ ለማግኘት ግን የበሽታው ስም እስኪረጋገጥ መጠበቅ አያስፈልግም፤ ንግግርን የሚያግዘው ሥራ ከስሙ ቀድሞ ሊጀመር ይችላልና።

ሌሎቹን ምክንያቶች በአጭሩ እንለፋቸው። የላንቃ መሰንጠቅ፣ የአእምሮ እድገት መዘግየትና የሚጥል በሽታ በሐኪም ይለያሉ። ሌላ ምክንያት ሳይኖር ቋንቋ ብቻ የሚከብዳቸው ልጆች ደግሞ ከሚታሰበው በላይ ናቸው፤ በአሜሪካ በ1997 የወጣው ጥናት ከመዋዕለ ሕፃናት ልጆች ከመቶ 7 ያህሉን እንዲህ ሆነው አግኝቷል። ምላስ ከሥሩ መታሰሩ ጥቂት ድምፆችን ያስቸግር እንደ ሆነ እንጂ ልጅን ከቃል አያግድም። እንጥል ማስቆረጥ ግን ንግግርን አይፈታም፤ የደም መፍሰስን፣ ቍስልን፣ አልፎም መንጋጋ ቈልፍን የሚያመጣ ጐጂ ልማድ ስለ ሆነ መተው አለበት። ጠበልና ጸሎት ለወላጅ ልብ ጽናት ናቸው፤ ወደ ጠበል የሚሄድ መንገደኛ በመንገዱ ላይ የጆሮ ምርመራ ቢያደርግ እምነቱን አያጎድልም።

በስደት ስላሉት ወገኖቻችን ልጆች ለብቻው መናገር ይገባል፤ በዋሽንግተንም ሆነ በስቶክሆልም፣ በኔታንያም ሆነ በዱባይ ወላጆች «ሁለት ቋንቋ ግራ አጋባውና ነው፤ አማርኛውን ተዉት» የሚል ምክር ይሰማሉ። ምክሩ መሠረት የለውም። ሁለት ቋንቋ መስማት ልጅን አያዘገይም፤ የሁለቱም ቃላት ተደምረው ይቈጠራሉ፤ «ውሃ»ን በአማርኛ፣ «ኳስ»ን በእንግሊዝኛ ወይም በዕብራይስጥ የሚያውቅ ልጅ ሁለት ቃል አለው። እውነተኛ ጕድለት ያለበት ልጅ በሁለቱም ቋንቋ ይጐድለዋልና፣ አማርኛውን መውሰድ ሕመሙን አይወስድም፤ ከአያቱ ጋር የሚነጋገርበትን ድልድይ ብቻ ይሰብራል። በተቃራኒው «ሁለት ቋንቋ ስለ ሆነ ነው» ብሎ መዘናጋትም እኩል ስሕተት ነው። በአሜሪካ በ1986 በወጣው ሕግ መሠረት ከሦስት ዓመት በታች ላለ ልጅ ወላጅ ራሱ ያለ ሐኪም ወረቀት ነፃ ምርመራ መጠየቅ ይችላል፤ ምርመራውም እስከ ተቻለ ድረስ ልጁ በሚያውቀው ቋንቋ እንዲደረግ ሕጉ ያዝዛል፤ በእስራኤልም የሕፃናት ጣቢያው ጢፓት ሐላቭ ልጁን ወደ እድገት መመርመሪያ ተቋም ይልከዋል።

የባዕድ ሚዛን ለአማርኛ ልጅ እንዳለ አይሠራም። አማርኛ በአንድ ቃል ዓረፍተ ነገር ይጠቀልላል፤ «ስጪኝ» ያለ ልጅ ድርጊቱንም፣ ሰጪዋንም፣ ራሱንም በአንድ ቃል ጠርቷል፤ የእንግሊዝ ልጅ ይህንኑ ለማለት ብዙ ቃል ማጋጠም ይኖርበታል። ስለዚህ ቃል ከመቍጠር ጋር ቃሉ ሲረባ ማየት ያስፈልጋል፤ «ና» ብቻ ከሚለው ልጅ «ነይ»ንና «ኑ»ን የለየው ልቆ ሄዷል። የእድገት መመርመሪያዎችን ለአገር ልማድ ማስማማት እንደሚቻል በጅማ የተደረገውና በ2016 የታተመው የደንቨር መመርመሪያ ሥራ አሳይቷል፤ የኛ ሕፃናት የማያውቋቸው ዕቃዎችና ድርጊቶች በሚያውቋቸው ተተኩበት።

ልጅን ሁሉ በመጠይቅ መፈተን ይጠቅማል ወይ የሚለው ደግሞ ገና ያልተቋጨ ክርክር ነው። የአሜሪካ የመከላከያ ጤና ግብረ ኃይል በ2024 ማስረጃውን መዝኖ፣ የመዘግየት ምልክት ያልታየበትን፣ ወላጁም ያልሠጋለትን ልጅ ሁሉ ስለ ንግግሩ መፈተን ይጥቀም ይጕዳ ለመፍረድ በቂ ማስረጃ የለም አለ፤ የሕፃናት ሐኪሞቹ አካዳሚ ግን በ9፣ በ18ና በ30 ወር አጠቃላይ የእድገት ፍተሻ እንዲደረግ እንደ መከረ ነው። ሁለቱ የተለያዩት ግን ማንም ባልሠጋለት ልጅ ላይ ነው፤ ወላጅ በሠጋለት ልጅ ላይ ክርክር የለም። የእናት ሥጋት ራሱ ምልክት ነው፤ ሐኪም ሊያጣጥለው አይገባም።

እርዳታው ምን እንደ ሆነ የማያውቅ ወላጅ መርፌና መድኃኒት ይጠብቃል። ለሕፃናት የሚሰጠው የንግግር ሕክምና በአብዛኛው የሠለጠነ ጨዋታ ነው፤ ዋናው ሠራተኛም ወላጁ ነው። ሮበርትስና ካይዘር በ2011 ያሰባሰቧቸው 18 ጥናቶች ወላጆች ሠልጥነው የሚሠሩት ሥራ የልጆችን ቋንቋ እንደሚያሻሽል አሳይተዋል። ሥራውም ከልጁ ዓይን እኩል ዝቅ ብሎ ተቀምጦ፣ ልጁ የሚያየውን አይቶ ስሙን መጥራት፣ ከጠሩም በኋላ ተራውን እንዲወስድ ቈጥሮ ዝም ማለት፣ «ኳስ» ሲል «ትልቅ ኳስ» ብሎ ቃሉን ማስረዘም ነው። ሳይጠይቅ ሁሉ የሚቀርብለት ልጅ መጠየቅን አይለምድም፤ ስልክ ተሰጥቶት የሚውለውም ተራ የሚሰጠው ተነጋጋሪ የለውም። የዓለም የጤና ድርጅት በ2019 ባወጣው መመሪያ ከሁለት ዓመት በታች ላለ ልጅ ተቀምጦ የስልክና የቴሌቪዥን መስኮት ማየትን አልመከረም፤ በሁለት ዓመቱም ከአንድ ሰዓት እንዳይበልጥ አለ። የንግግር ባለሞያ ጥቂት በሆነባት አገራችን፣ ቡና ሲፈላ ዙሪያውን ተቀምጦ የሚያወራ ቤተ ሰብ ልጁን ወደ ወሬው ቢያስገባው ትልቅ እርዳታ ሰጠ ማለት ነው፤ ይህ ግን ምርመራውን አይተካም።

እንግዲህ መጠበቅ በመሠረቱ ኀጢአት አይደለም፤ ጊዜው ግን መታወቅ አለበት። ጆሮው ከተለካ፣ መረዳቱና በእጁ ምልክት መስጠቱ ከታየ በኋላ፣ ቤተ ሰቡ እያገዘው፣ በሦስት በሦስት ወር እየተመዘነ የሚጠበቅ ልጅ ትዕግሥት ተደርጎለታል፤ ከዚህ ሁሉ በፊት የሚጠበቀው ግን ለዕጣ ተትቷል። ስለዚህ ከ40ና ከ80 ቀን ቀጥሎ አራት ቀኖች በእናት ልብ ይጻፉ፤ በ9 ወር ስሙን መስማቱ፣ ዓመት ሞልቶት ብዙ ሳይቈይ በጣቱ ማመልከቱ፣ በዓመት ከመንፈቅ ቃላቱ፣ በሁለት ዓመት ሁለት ቃል ማጋጠሙ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የኩፍኝ ክትባት ከሚሰጥባቸው ከ9ኛውና ከ15ኛው ወር ጋር ስለሚገጥሙ፣ እናት ክንዱን ለመርፌው በምታቀርብበት ሰዓት «ስጠራው አይዞርልኝም» ብትል ሌላ መንገድ መሄድ አያሻትም። ምናልባት ተመርምሮ «ደኅና ነው፤ ይናገራል» ትባል ይሆናል፤ ያን ጊዜ ከአያቱ አፍ የሰማችውን ያንኑ ቃል ይዛ ትመለሳለች፤ ልዩነቱ በዚህ ጊዜ ቃሉ የልጁን ጆሮ ካየ ሰው የተነገረ መሆኑ ነው።